እሳት ያላየ ፍትፍት

አሜሪካ፣ ሮዝቪል ከተማ የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሠራተኞች የምግብ ውድድር ነበር። ዳቦ ይፈቀዳል እንጂ እሳት ላይ የተሠራ ምግብ አይገባም። እኔም ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ከትፌ፣ ሎሚና ዘይት ጨምሬ፣ እንጀራ ፈትፍቼበት ሄድኩ። ገና ሳህኑን ሳስቀምጥ ሳንድዊች ይዘው ሊወዳደሩ የመጡት የሥራ ባልደረባዬ ጋሽ ታደሰ ዳኛዋን በእንግሊዝኛ፣ "ይሄማ ፍርፍር ነው፤ ፍርፍር ደግሞ እሳት ላይ ነው የሚሠራው። ዲስኳሊፋይ አድርጊያት!" አይሏት መሰላችሁ? የገዛ አገሬ ሰው!

ደሜ ፈላ። ዳኛዋ እንድትሰማ እኔም በእንግሊዝኛ፣ "ጋሼ፣ ድስት ውስጥ ከቁሌት ጋር የሚገላበጠው ፍርፍር ነው። ይሄ እሳት ያላየ ፍትፍት ነው!" አልኳቸው።

"እንጀራውስ በፀሐይ ነው የበሰለው?"

"የእርስዎ ሳንድዊች ዳቦስ?"

ዳኛዋ እየሳቀች ቀመሰች፤ ደገመች። አንደኛ ወጣሁ!

በማግስቱ አንዲት ነርስ ጋሽ ታደሰን፣ "ያ ፍርፍር ያልከው እንዴት ነው የሚሠራው?" ስትላቸው ደረስኩ። ኮስተር ብለው፣ "ፍርፍር አይደለም! እሳት ካየማ ምኑን ፍትፍት ሆነ?" አሏት።