በሥዕሉ ላይ የዞረው ክርን

የምስክር መጠሪያ፦ እትዬ ኮድ (በመሥሪያ ቤቷ የምትታወቅበት)
ዕድሜ፦ 57
ሥራ፦ በክሊኒክ የታካሚ ካርድ ክፍል ሠራተኛ
አድራሻ፦ ከክሊኒኩ ጀርባ፣ አረንጓዴ በር ያለው ቤት
ቀን፦ ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በ14ኛው ቀን፣ ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት
ጉዳዩ፦ ስለ ክርን ሕመም (ተሰርዟል) በሥራ ምክንያት ስለመጣ የቀኝ ክርን ሕመም የተጻፈ የሕክምና ካርድ መለወጥ

በክሊኒኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግያለሁ። ሥራዬ ሐኪም በካርድ ላይ የጻፈውን ሕመም ወደ ኮድ መለወጥ ነው። ሐኪም ላልጻፈው ኮድ አልሰጥም፣ የጻፈውንም አላጠፋም። ይህ ከሁሉ አስቀድሞ እንዲመዘገብልኝ ጠይቄአለሁ።

የግል ተበዳይዋ በልብስ ስፌት ፋብሪካ ልብስ በመተኮስ የምትሠራ ስትሆን፣ ሰኞ ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት ገደማ ለሕክምና መጣች። ካርዷ 5፡00 ሰዓት ላይ ሲደርሰኝ ወጣቱ ሐኪም «ክርኗን ያማታል» ብሎ ብቻ ነበር የጻፈው። የትኛው ክርን፣ በየት ጎኑ፣ ከምን የመጣ እንደሆነ ካልተጻፈ ኮዱ ጎዶሎ ስለሚሆን ካርዱን መለስኩለት። ሐኪሙ «እትዬ፣ ካርድ ሳይመልሱብኝ የዋሉበት ቀን አለ?» አለኝ። «አሟልተህ የጻፍክ ቀን ይኖራል» አልኩት።

ከዚያም አግዳሚ ወንበር ላይ ትጠብቅ የነበረችውን ተበዳይ አስጠርቶ በእኔ ፊት እንደገና መረመራት። እጇን ጨብጣ አንጓዋን ወደ ላይ እንድታነሳ አድርጎ እሱ ወደ ታች ሲጫናት፣ ከክርኗ ውጭ በኩል አመማትና ዐይኗ እንባ ሞላ። ስምንት ዓመት በዚያው እጅ ካውያ ስትገፋ እንደኖረች፣ አሁን ብርጭቆ እንኳ እንደሚያመልጣት ተናገረች። ሐኪሙም «ቀኝ ክርን፣ የውጭ ጎን ጅማት ጉዳት፣ በሥራ ምክንያት የመጣ» ብሎ ጽፎ ፈረመ። በካርዱ ላይ በታተመው የሰው ሥዕልም ቀኝ ክርኑን አከበበ። እኔም ኮዱን በዚሁ መሠረት ሰጠሁ። በሥራ ምክንያት የሚለው ካልሰፈረ ፋብሪካው ወደ ቀላል ሥራ ሊያዛውራት አይገደድም፤ ካውያ አላነሳም ካለችም ያሰናብታታል።

ማክሰኞ ከቀኑ 8፡00 ሰዓት የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ ከፋብሪካው የሠራተኛ አስተዳዳሪ ጋር ሆነው ወደ ክፍሌ መጡ። ሥራ አስኪያጁ ኮዱን «ቤት ውስጥ በመውደቅ» ወደሚለው እንድለውጥ አዘዙኝ። ሐኪሙ ራሱ ያርመው ብዬ እምቢ አልኩ። «አንዲት ቁጥር ናት፣ ነገር አታክርሪ» አሉኝ። ቁጥሯ አንዲት ከሆነች ምነው ሁለት ሆናችሁ መጣችሁ ብያቸዋለሁ። ሥራ አስኪያጁ ካርዱን ልየው ብለው ሲወስዱት የካርድ መውጫ መዝገብ ላይ አስፈረምኳቸው። አኩርፈው ነው የፈረሙት፤ ቢሆንም ፈርመዋል።

ካርዱ ረቡዕ ከጠዋቱ 2፡30 ሲመለስ ገጹ ተቀይሯል። አዲሱ ገጽ «ቀኝ ክርን፣ ቤት ውስጥ በመውደቅ» ይላል፤ የሐኪሙን የሚመስል ፊርማም አለበት። ሥዕሉ ላይ የተከበበው ግን ግራ ክርን ነው። ሥዕሉ ላይ ያለው ሰው ፊት ለፊት ስለሚያየን ቀኝ እጁ በወረቀቱ ግራ በኩል ነው የሚውለው። ይህን ገና ትምህርት የጀመረች ነርስ ታውቀዋለች። ታካሚ መርምሮ የማያውቅ የቢሮ ሰው ግን የወረቀቱን ቀኝ ያከብባል። ገጹ ሲጻፍ በዐይኔ አላየሁም፤ ካርዱ በዚያ ጊዜ በማን እጅ እንደነበር ግን መዝገቡ ላይ ያለው ፊርማ ያሳያል። ሐኪሙም ፊርማው የእሱ እንዳልሆነ ነግሮኛል።

ዛሬ ወደዚህ ስመጣ ሥራ አስኪያጁ በክሊኒኩ በር ላይ አግኝተውኝ «ለጡረታሽ ሦስት ዓመት ቀርቶሽ ምን አስቸኮለሽ?» ብለውኛል። ፈርቻለሁ፣ አልዋሽም። ብፈራም ቤቷ ወድቃ ነው ብዬ አልመሰክርባትም። እኔን ማባረር ይችሉ ይሆናል፤ የእሷን ክርን ግን በእኔ እጅ አያዞሩትም።

ቃሌ ሲነበብልኝ መርማሪው ከላይ በጉዳዩ ቦታ «ስለ ክርን ሕመም» ብለው ብቻ መጻፋቸውን ሰማሁ። የትኛው ክርን፣ ከምን የመጣ ብዬ ጠየቅኋቸው። «እዚህም?» አሉኝ። እዚህም አልኩ። ተሰርዞ ተስተካክሏል፤ ከስርዙ አጠገብም ሁለታችንም ፈርመናል።

ከላይ የሰፈረው ያለ ማንም ግፊት የሰጠሁት ቃሌ ነው፤ እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ። ፍርድ ቤት ብጠራም የምናገረው ይህንኑ ነው።

የምስክሯ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________