ገመዱን የያዝሁ ዕለት

በደርግ ጊዜ፣ መንደር ምሥረታ በመጣ ሰሞን፣ ከእንግዲህ ሜዳ ላይ ለብቻ ቤት መሥራት ክልክል ነው፣ ሁሉም በመስመር ይሠፍራል ተባልን። እኔ ደግሞ ከዘንዘልማ ወደ ጣና በሚያወርደው ሜዳ ላይ ሠላሳ ሁለት ቆርቆሮ የለበሰ አዲስ ቤት ከጨረስሁ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር። እዚያ ድረስ የሄድሁት የሦስት ጎረቤቶቼ ጭቅጭቅ ስላንገሸገሸኝ ነው። ካድሬው ችካልና ረጅም ገመድ ይዞ መጣና ቤቴን አየ። «አያ ሙላት፣ ይኸ ቤትዎ ከመስመር ውጭ ነው፤ ይፈርሳል» አለኝ። «መስመሩ የታለ ጓድ?» አልሁት። «ገና አሁን ልንለካው ነው።» «እንግዲያው አንዱን ጫፍ ልያዝልህ» አልሁት። አመስግኖኝ የምቆምበት ቦታ ላይ ችካል ተከለና ሌላውን ጫፍ ይዞ ከሜዳው ማዶ ወዳለው ዋርካ ሄደ።

ጀርባውን ሲሰጠኝ ችካሉን ከነገመዱ ነቀልሁ። ወደ ጎን አርባ አንድ እርምጃ ቆጥሬ ደጃፌ ላይ መልሼ ተከልሁት። «ቀጥ ብሏል?» ሲል ከሩቅ ጮኸ። «ቀጥ ብሏል ጓድ፣ ምታው» አልሁት። ለሚሠፍረው ቤት ሁሉ አንድ አንድ ችካል በገመዱ መሠረት እየመታ ሲመጣ ከደጃፌ ላይ ደረሰ። ቤቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ሳቁን ዋጠ። «ቤትዎ መስመር ገብቷል» ብሎኝ ሄደ።

ደስ ብሎኝ ባለቤቴን ጠራኋት። እሷ ግን ቀድማኝ ወጥታ ችካሎቹን ስትቆጥር ነበር። «ከሦስት ጎረቤት ሸሽተህ አርባ ሁለት ጎረቤት በገመድ ጎትተህ አመጣህ?» አለችኝ። ደግሜ ቆጠርሁ፤ አንድም አልተሳሳተች።