የእፍኜ እንግዳ

ማክሰኞ ጠዋት፣ የሆስፒታሉ ወለል ገና ሲወለወል፣ በጨቅላ ሕፃናት ክፍል በር ላይ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሽማግሌው ልብስ ሰፊ፣ ሴት ልጃቸውና የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር። አራተኛዋ ከመስታወቱ ወዲያ በማሞቂያ ሣጥን ውስጥ ተኝታለች። ያለ ጊዜዋ የተወለደች የዚችው ሴት ልጅ፣ የልብስ ሰፊው የልጅ ልጅ ናት። ስም ገና አልወጣላትም። አያቷ መጀመሪያ ባዩአት ቀን «ይቺ እኮ እፍኝ አትሞላም» ብለው ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ከዚያ ወዲህ «እፍኜ» ነው የሚሏት። ባለፈው ሳምንት ትኩሳት ሲይዛት ትተርፋለች ያለ ሰው አልነበረም። ግን ተርፋለች።

ልብስ ሰፊው ዛሬ የለበሱት ራሳቸው የሰፉትን ጥቁር ሙሉ ልብስ ነው። ትላንት ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ፣ ሚኒስትሩ ሆስፒታሉን ሊጎበኙ እንደሚመጡና እፍኜን አቅፈው በቴሌቪዥን እንደሚቀረጹ ነግሯቸዋል። እሳቸውም እሺ ብለው፣ ወሬውን ለሰፈሩ ሁሉ አዳርሰዋል።

«ሲስተር፣ ልጅቷን ጥሩ ነገር አልብሺልኝ። አገር ነው የሚያያት» አሉ።

«አባባ፣ አይቆጡኝና፣ እንግዳ አያቅፋትም» አለች ሲስተር።

«ሥራ አስኪያጁ እኮ ፈቅዷል።»

«ለሱም ነግሬዋለሁ። እዚህ የሚገባ ሰው ቀለበትና ሰዓቱን አውልቆ እጁን እስከ ክርኑ ይታጠባል። ከሁለት ሰው በላይ አይገባም። ካሜራ ከመስታወቱ ውጭ ይቆማል። ለሚኒስትርም ሕጉ ያው ነው።»

ልብስ ሰፊው ደነገጡ። እሳቸው ባደጉበት ቤት ለትልቅ ሰው ከመቀመጫ ይነሡለታል፣ መንገድ ይለቁለታል እንጂ እጅህን ታጠብ አይሉትም።

«የኔ ልጅ፣ የተከበረን ሰው ታጠብ ማለት ቆሻሻ ነህ ማለት እኮ ነው።»

«እኔ ስታጠብ ነው የምውለው፤ ቆሻሻ ነሽ ያለኝ የለም።»

«አንቺማ ሥራሽ ነው።»

«የሳቸውስ ሥራ ምንድን ነው አባባ? ከመኪና ከወረዱ ጀምሮ የሰው እጅ ሲጨብጡ አይደለም የሚውሉት? የዚያን ሁሉ ሰው እጅ ይዘው ነው የሚገቡት።»

«ምርጫ ሲደርስማ የበሩንም እጀታ ሰላም ሳይሉ አያልፉም» አለች ልጃቸው ከወንበሯ ሳትነሣ።

«አንቺ ደግሞ አፍሽን ሰብስቢ» አሉ አባትየው፤ ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል ግን ፊታቸውን አዞሩ። ወዲያው ኮስተር ብለው፣ «እኔ ስድስት ልጅ ያሳደግሁት ጀርም የሚባል ነገር ሳላውቅ ነው» አሉ።

«ሰባት ነበርን አባዬ» አለች ልጃቸው ቀስ ብላ።

ሰባተኛው በአራስነቱ የሞተ ወንድሟ ነው። ሲወለድ ጎረቤቱ በሙሉ ከመንገድ እየገባ፣ እየተቀባበለ አቅፎት ነበር። ልብስ ሰፊውም በር ላይ ቆመው፣ ፊታቸው በደስታ በርቶ፣ ግቡ ግቡ ይሉ ነበር።

«እጅ ነው የገደለው ልትዪኝ ነው?» አሉ ወደ ሲስተር ዞረው።

«አላልኩም አባባ። ያላየሁትን ልጅ በምን ሞተ ብዬ ልናገር? የማላውቀውን አውርቼ አላሳዝንዎትም። የእፍኜን ግን አውቃለሁ። ባለፈው ሳምንት ደሟ ውስጥ የተገኘው ጀርም በሰው ቆዳ ላይ የሚኖር ነው። እኔንም እርስዎንም አይነካንም። እሷን ግን ሊነጥቀን ነበር።»

ሰው ያደገበትን ነገር በአንድ ንግግር አይለቅም፤ ያደገበት ነገር አክብሮት ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ይከብደዋል። ሲስተርም ይህን ታውቃለችና አልገፋቻቸውም። አጠገባቸው ተቀምጣ የኮታቸውን እጅጌ አየች።

«እርስዎ ነዎት የሰፉት?»

«ማን ሊሰፋልኝ ኖሯል?»

«የሙሽራ ቀሚስስ ይሰፋሉ?»

«ምነው፣ የዚህ ከተማ ሴት ግማሹ የተዳረው በኔ ቀሚስ አይደል?»

«ነጩን ጨርቅ ዘርግተው ሳለ ሰው ቢገባስ?»

«ኧረ ማን አባቱ! እኔ ራሴ እጄን ሳልታጠብ አልነካውም። አንድ ጊዜ የሙሽራይቱ አባት፣ ገንዘብ የተረፈው ሰውዬ ነው፣ ልዳስሰው ብሎ እጁን ሲሰድ ከልክዬ በር ላይ አቆምኩት። ከዚያው ሆነህ እይ አልኩት።»

«አልተቀየሙም?»

«ተቀየመ እንጂ። ልጁ ለብሳው ስትወጣ ግን...» አሉና ቃሉ አፋቸው ላይ ቀረ።

ልብስ ሰፊው በመስታወቱ በኩል እፍኜን አዩ። ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል።

«ጨርቅ እንኳ ቢቆሽሽ ይታጠባል» አሉ፤ ለራሳቸው ይመስላል። ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው ለልጃቸው ሰጡ። «በይ አሳዪኝ፣ እንዴት ነው የሚታጠበው?»

የእጅ መታጠቢያው ያለው ወደ ክፍሉ በሚያመራው አገናኝ መንገድ መግቢያ ላይ ብቻ ነው። ሲስተር ወስዳ በጣቶች መካከል፣ ጥፍር ሥር፣ እስከ ክርን አሳየቻቸው።

«አውራ ጣትዎን ረሱ።»

«ይኸው ዕድሜ ልኬን እሱን ሳላጥበው ኖሬያለሁ ማለት ነው» አሉ እያሹት። ሲመለሱ ሁለት እጃቸውን ከፍ አድርገው ስለያዙ ልጃቸው፣ «አባዬ፣ እጅ ወደ ላይ ያለህ ማነው?» አለቻቸው።

ረፋዱ ላይ፣ ልብስ ሰፊው እንደገና፣ ልጃቸውም ኮቱን ወንበሩ ላይ ትታ ታጥበው እንደተመለሱ፣ ሚኒስትሩ መጡ። ሥራ አስኪያጁ ሁሉን አሰናድቷል። መግቢያው ላይ ሚኒስትሩ እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ፤ ካሜራው ቀረጸ። ጋውን ለበሱ። ከዚያ በኋላ ግን ግራና ቀኝ የተሰለፉትን ሠራተኞች በየተራ እየጨበጡ፣ የአንዱን ትከሻ እየነኩ፣ እቅፍ አበባ ተቀብለው ለረዳታቸው እያቀበሉ ነው ወደ ክፍሉ በር የደረሱት። ሲስተር ልትናገር ስትል ሥራ አስኪያጁ በዓይኑ ገሠጻት።

ሚኒስትሩ ፈገግ ብለው ለልብስ ሰፊው እጃቸውን ዘረጉ። ልብስ ሰፊው አልተቀበሏቸውም። የታጠቡ እጆቻቸውን ከፍ እንዳደረጉ ከወገባቸው ዝቅ ብለው እጅ ነሡ።

«ክቡርነትዎ፣ እንኳን ደህና መጡ። የልጅቷ አያት ነኝ። አይቀየሙኝ፣ እጄን ታጥቤያለሁ፤ እሷን ልነካበት ነው።»

የሚኒስትሩ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። የሥራ አስኪያጁ ፊት አመድ መሰለ። «አባባ፣ ክቡርነታቸውም እኮ ታጥበዋል፤ ተቀርጿል» አለ።

«የተቀረጸው በፊት ነው፣ ልጄ። ከዚያ ወዲህ ያን ሁሉ ሰው ጨብጠዋል። ትላንት እሺ ያልኩህ እኔ ነኝ፤ አላወቅሁም ነበር። ዛሬ ማቀፉ ይቅር የምልህም እኔው ነኝ። አንዴ ልትሞትብን ነበር፤ ሁለተኛ አልችልም።»

ሚኒስትሩ የእጃቸውን መዳፍ አየት አድርገው ዝቅ አደረጉት።

«ከጠዋት ጀምሮ እጄን ያልተቀበለኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት» አሉ። በድምፃቸው ቁጣ አልነበረም። ወደ ሲስተር ዞረው፣ «ተመልሼ ልታጠብ ወይስ ልቅር?» ብለው ጠየቋት።

«ከመስታወቱ ውጭ ሆነው ቢያዩ ይበቃል፣ ክቡርነትዎ። የሁለቱን ሰው ቦታ እናትና አያት ይዘውታል።»

«የሚጎድላችሁስ ነገር አለ?»

«እዚህ በር ላይ አንድ የእጅ መታጠቢያ። ሰው ከታጠበ በኋላ ሌላ ነገር ሳይነካ እንዲገባ።»

ሚኒስትሩ ረዳታቸውን ጥያቄውን በማስታወሻ እንዲይዘው አዘው መስታወቱ ጋ ቆሙ። ልብስ ሰፊው ከልጃቸው ጋር ገቡ፤ በሣጥኑ ጎን ባለው ቀዳዳ ጣታቸውን አስገቡ። እፍኜ የአያቷን አውራ ጣት ጨበጠች።

የዚያን ዕለት ማታ ዜናው ያሳየው የሚኒስትሩን ጀርባ ነው። ጎረቤቶች ልጅቷን ባለማየታቸው አጉረመረሙ። ልብስ ሰፊው ግን ምክንያቱን ለእያንዳንዳቸው ቤት ለቤት አስረዱ፤ ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ አራስ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ውኃና ሳሙና ይጠይቃል። መታጠቢያው ከጥቂት ጊዜ በኋላ በሩ ላይ ተተከለ፤ በክፍሉ በትኩሳት የሚያዙ ሕፃናት ቁጥርም ቀነሰ። እፍኜ ክብደቷ ሲሞላ ከእናቷ ጋር ወደ ቤቷ ሄደች።