ከወጥ ቤቱ በር ላይ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ከቀትር በኋላ፤ ጡረታ የወጣው የባቡር ሠራተኛ ዘርጋው ወደ ወጥ ቤቱ ሊገባ ሲል፣ ፍሪጅ ጠጋኟ ልጁ ስምረት በሩ ላይ ቆማ ከልክላዋለች።

ስምረት፦ አትገባም፣ አባዬ። ክብሪቱንም ስጠኝ።

ዘርጋው፦ በገዛ ቤቴ? መርፌዬን የምወጋበት ሰዓት አልፏል። ኢንሱሊኔ ፍሪጁ ውስጥ ነው። አቦ ዞር በይ።

ስምረት፦ በስልክ ያልከኝን ድገምልኝ። በረዶውን በምን ነቀልከው?

ዘርጋው፦ በቢላ። የፍሪጁን በር አላዘጋ አለኛ። ወጋ ሳደርገው እንደ ጎማ ተነፈሰ፣ ከዚያ ዝም አለ። ሽታ እንኳ የለውም።

ስምረት፦ እሱ ነው የሚያስፈራኝ። የማብሰያ ጋዝ እንዲሸት ተብሎ ሽታ ይጨመርበታል፤ ይሄ አልተጨመረበትም።

ዘርጋው፦ የማብሰያ ጋዝን ምን አመጣው?

ስምረት፦ ፍሪጁን ጋዝ ስሞላልህ ነግሬህ ነበር። ፕሮፔንና ቡቴን የተቀላቀለበት ነው አልኩህ።

ዘርጋው፦ ስሙን ነገርሽኝ። የሚነድ ነገር ነው አላልሽኝም።

ስምረት፦ ብዬሃለሁ። በፍሪጁ በር ላይም ጽፌ ለጥፌ ነበር።

ዘርጋው፦ ላጥኩት። እንግዳ ሲያየው ያሳፍራል።

ስምረት፦ ላጥከው።

ዘርጋው፦ ይሄን ሥራ ተይው ብዬሽ ነበር፣ ስምረት። ቢሮ ተቀምጠሽ መሥራት ስትችዪ...

ስምረት፦ በኋላ ትቆጣኛለህ። ሞተሩ ይሰማሃል? እየሠራ ነው።

ዘርጋው፦ ገብቼ ልንቀለዋ።

ስምረት፦ ስትነቅለው ሶኬቱ ብልጭ ይላል። ሂድና ከውጭ፣ ከቆጣሪው አጥፋው። እኔ ከዚህ አልነቃነቅም።

ዘርጋው፦ ...አጠፋሁት። አሁንስ?

ስምረት፦ መስኮቱን በጓሮ በኩል ገፍተህ ክፈተው። ጋዙ ከአየር ይከብዳል፣ ወለሉ ላይ ነው የሚተኛው። ነፋስ ካገኘ በበሩ ወደ ግቢው ይወጣል።

ዘርጋው፦ ከፈትኩት። አፌ ደርቋል፣ ልጄ። መድኃኒቱን...

ስምረት፦ ትንሽ ብቻ ታገሠኝ።

ዘርጋው፦ ቆይ፣ በበሩ ይወጣል አላልሽም? አንቺ ለምን እዚያ ቆመሻል?

ስምረት፦ ከተነሣሁ ትገባለህ።

ዘርጋው፦ ቢነድስ? ነይ ወዲህ። አልገባም። ክብሪቱ ይኸው፣ ያዢው። ነይ ብያለሁ፣ ከግቢው ዛፍ ሥር እንቀመጥ።

ስምረት፦ እጅህን ስጠኝ።

ዘርጋው፦ ቀስ በይ። ያዝኩሽ።

ስምረት፦ ...ግማሽ ሰዓት ሆነው፤ አሁን በደንብ ተናፍሷል። መድኃኒትህን ላምጣ። አንተ ተቀመጥ።

ዘርጋው፦ እኔው...

ስምረት፦ ተቀመጥ አባዬ። ...ይኸው፣ ያልተከፈተው ብልቃጥ ነው።

ዘርጋው፦ እግዜር ይስጥሽ። ለምን ታለቅሻለሽ?

ስምረት፦ ሌላ ሰው ፈልግ፤ በድሮው፣ በማይነደው ጋዝ ይሙላልህ። እኔ ከእንግዲህ ያንተን ፍሪጅ አልነካም።

ዘርጋው፦ ጋዙ መጥፎ ነው እንዴ?

ስምረት፦ አይደለም። ጥሩ ያቀዘቅዛል፣ መብራት አይፈጅም። አዲስ የሚመጡት ፍሪጆችም ብዙዎቹ በዚሁ ዓይነት ጋዝ ነው የሚሠሩት። የገባበት ቱቦ እስካልተበሳ ድረስ ምንም አይልም።

ዘርጋው፦ ታዲያ?

ስምረት፦ ስትደውልልኝ የሰው ቤት ስሠራ ነበር። እስክደርስ ድረስ ቤቱ ሲነድ ይታየኝ ነበር። እንዲህ እየፈራሁ ያንተን መሥራት አልችልም።

ዘርጋው፦ ፍርሃቱ እስኪለቅሽ እንቀመጣለን። ከዚያ ዕቃሽን ታመጫለሽ። ስትሠሪ አይቼሽ አላውቅም፤ ዛሬ ወንበሬን አጠገብሽ አደርጋለሁ፣ አንቺም እያንዳንዱን ነገር እየነገርሽኝ ቱቦውን ደፍነሽ ትሞዪዋለሽ።