ከሁለት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አባት የሌለበት ቤት

እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተማርሁ፣ ከዚያም ውስጥ አሥራ ሁለቱን ዓመት የተማሪ ሥርዓት የሚቆጣጠር ዩኒት ሊደር ሆኜ የሠራሁ ጡረተኛ ነኝ። በሥራ ቀን መንገድ ላይ ልጅ ካየሁ ዛሬም «ለምን ትምህርት ቤት አልሄድሽም?» ሳልል አላልፍም። ባለቤቴ ይህን ጠባዬን «ጡረታ ያልወጣ አፍ» ትለዋለች፤ እውነቷን ነው።

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ረቡዕ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ኦሎምፒያ ታክሲ ስጠብቅ አንድ ጎልማሳ ሁለት ልጆች አስከትሎ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ሲወጣ አየሁ። ልጅቱ አሥራ አንድ፣ ወንድሟ ስምንት ዓመት ቢሆናቸው ነው። አፌ እንደ ልማዱ ቀደመኝ። ሰውየው ግን አልተቆጣም፤ ቀረብ ብሎ አየኝና እጄን በሁለት እጁ ያዘ።

«ጋሽ መገርሳ፣ ታዲዎስ ነኝ። ስድስተኛ ቢ አስተምረውኛል።»

«ታዲያ እነዚህን ልጆች ከክፍል አውጥተህ ወዴት ትወስዳቸዋለህ?»

«ክፍላቸው ቤታችን ነው፤ የማስተምራቸው እኔ ነኝ። ጠመኔ አልቆብን ነው የወጣነው። በእግር የመጣነው ደግሞ የስፖርት ክፍለ ጊዜያችን ስለሆነ ነው።»

ይህን ሲል ልጅቱ ጣቷን አነሳች። «እሺ ጦቢያ» አላት። «ቲቸር፣ ውሃ መጠጣት ይፈቀድልኛል?» አለች። የጎረቤት ልጅ ሰብስቦ የሚያስጠና መስሎኝ የማን ልጆች እንደሆኑ ጠየቅሁት።

«የእኔ ናቸው፤ ሁለቱም» አለ በኩራት።

ታክሲዬን ተውሁና አብሬያቸው ወደ ካዛንቺስ አቀናሁ። ታዲዎስ የሕንፃ ንድፍ ሠሪ ነው፤ ሥራውን ማታ ቤቱ ይሠራል። ባለቤቱ አምሳለ መስቀል ፍላወር አካባቢ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ ተቀባይ ናት። መንገዱን ሙሉ ስንከራከር ሄድን።

«ልጅ የሚያድገው ከልጅ ጋር ነው» አልሁት። «እናትና አባት ብቻ ያሳደጉት ልጅ ሰው ፊት ሲቀርብ ይደናገጣል። ደግሞስ የሚኒስትሪ ፈተና ሲመጣ ምን ልታደርግ ነው?»

«ለፈተናው በደንቡ ለማስመዝገብ ከአንድ ትምህርት ቤት ጋር እየተነጋገርኩ ነው። ግን ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ሰፈራችን ፈርሶ ጎረቤቱ ሲበተን፣ ማለቴ እኛ ጥጉ ላይ ተረፍን እንጂ፣ ለልጆቹ ያገኘነው ትምህርት ቤት ሩቅ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ስልሳ ሁለት ልጅ ነው ያለው። ጦቢያን በዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ አንብቢ ተባልሽ ብዬ ጠየቅኳት። ሁለት ጊዜ አለችኝ። በዓመት ሁለት ጊዜ። በቃ፣ እኔ ራሴ ባስተምራቸው ይሻላል አልኩ። ይኸው ሦስተኛ ዓመታችንን ያዝን።»

ስልሳ ሁለት ልጅ ያለበትን ክፍል እኔም አውቀዋለሁ፤ የኋላ ረድፍ ልጆችን ስም ሳላውቅ ዓመቱ ያለቀብኝ ጊዜ አለ።

ቤታቸው ስንደርስ ግማሹ ሳሎን ክፍል ሆኗል። ጥቁር ሰሌዳ፣ ሁለት ዴስክ፣ የእጅ ደወል። ትንሹ ዮአብ በሩን በሜትር ለክቶ ስፋቱን በካሬ ሜትር ነገረኝ፤ ሳይሳሳት። አራተኛ ክፍል ሳስተምር ይህን በወር ያላስያዝኋቸው ልጆች ነበሩ። «በዚህስ ረታኸኝ» አልሁት ታዲዎስን፤ ደስ አለው።

ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ደንብ ማንበብ ጀመርሁ። ሦስተኛው ተራ ቁጥር እንዲህ ይላል፦ ከሁለት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አባዬ የለም፤ ያለው ቲቸር ነው። መጀመሪያ ሳቅሁ።

ደወሉ ተደወለ፤ የንባብ ሰዓት ሆነ። ዮአብ ሰሌዳው ላይ ያለውን አንቀጽ አነበበ፤ ቀጥሎ ጦቢያ አንድ ቃል ሳትስት አነበበች። ነገር ግን እሱ ሲያነብ ፊቷ ወደ ሰሌዳው ዞሮ ጆሮዋ ወደ ወንድሟ ነበር። ይህን ዓይነት፣ የሰማውን በቃሉ የሚወጣ ልጅ አውቃለሁ። ታዲዎስን አስፈቅጄ ሌላ ዓረፍተ ነገር ጻፍሁና «አሁን ጦቢያ ቀድማ ታንብብልን» አልሁ።

ወንድሟን አየችው። አባቷ «እንግዳ ፊት እንዲህ አይደረግም፤ አንብቢ» አላት። ዓይኗን አጠበበች፤ ራሷን ወደ ቀኝ ዘመም አደረገች፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች።

«ሰሌዳው አይታይሽም?» አልኋት።

«አይታየኝም።»

«ታዲያ ለምን ለአባትሽ አልነገርሽም?»

«በክፍል ሰዓት አባዬ የለም» አለች፤ የምታላግጥ አይምሰላችሁ፣ ደንቡን ነው የነገረችኝ። «ለቲቸር ነግሬዋለሁ። ቤት መማር የጀመርን ሰሞን ነው፤ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። ሰበብ ነው ብሎ ከንባብ አምስት ማርክ ቀነሰብኝ። ለእማዬ ስነግራት ደግሞ የትምህርት ጉዳይ ለቲቸር ነው የሚነገረው አለችኝ።»

«ማታስ?»

«ማታ አባዬ ሥራ ላይ ነው።»

ታዲዎስ ልጆቹን ወደ ግቢ ላካቸው። ጠመኔውን እንደያዘ ዴስኩ ላይ ተቀመጠ።

«ጎረቤታችን እትዬ ጀሚላም ነግራኝ ነበር» አለ። «‹ይቺ ልጅ መርፌ ላይ ክር ስታስገባ አንገቷን ታጣምማለች፣ ሐኪም አሳያት› አለችኝ። እኔ ግን በክፍል ሰዓት ባትገቢብን ብዬ መለስኳት።»

«ደንቡን አንሳው፣ ታዲዎስ።»

«ጋሼ፣ ደንቡ ባይኖር ይጫወቱብኛል። አባት ነው ብለው ይንቁኛል። ደግሞ አይቀየሙኝ እንጂ፣ ይህን የተማርኩት ከእርስዎ ነው። ልጅዎ እጸገነት ክፍል ውስጥ ‹አባ› ብላ ስትጠራዎት በማስመሪያ እጇን መትተው ‹እዚህ አባት የለም› ያሏት ዕለት እኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። ለልጁ እንኳ የማያዳላ መምህር ብዬ አደነቅኩዎት። አስተማሪ እንዲህ ነው አልኩ።»

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኔ ነው። ከኦሎምፒያ ጀምሬ ስለ ልጅ አስተዳደግ ስመክረው የመጣሁት ሰው የእኔኑ ጥፋት ግድግዳው ላይ ለጥፎታል። እፍረት ተሰማኝ፤ ቢሆንም መናገር ነበረብኝ።

«እኔ እኮ ሌላውን ልጅ አንድ ስመታ እሷን ሁለት እመታ ነበር» አልሁት። «ጓደኞቼ ለልጁ ያደላል እንዳይሉኝ ነው። አላሉኝም፤ ተመሰገንኩ። አሁን እጸገነት ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ሀዋሳ ትሠራለች። ትዳሯ መፍረሱን ከሰባት ወር በኋላ ከሰው ሰማሁ። ለምን አልነገርሽኝም ብላት ‹እርስዎን ማስቸገር አልፈለግኩም› አለችኝ። ‹አንተ› ብላ የምትጠራው አባት የላትም። ጥሩ ውጤት አምጥታለች፣ ዲግሪ ይዛለች፤ ሲከፋት ግን ወደ እኔ አትመጣም። የት እንደምትሄድ እንኳ አላውቅም።»

«ግን ትምህርቱስ? ሥርዓት ከሌለ እንዴት ይሆናል?»

«ትምህርቱን ቤት ውስጥ አስተምራቸው፤ በእሱ ረትተኸኛል። ስልሳ ሁለት ልጅ ካለበት ክፍል አውጥተህ ያመጣሃቸው የሚሰማቸው ሰው እንዲያገኙ አልነበረም? ታዲያ ሁለት ልጅ ይዘህ የስልሳ ሁለቱን ሕግ ምን አመጣው? እኔ ቢያንስ ከክፍል ወጥቼ ቤቴ እገባ ነበር። የአንተ ልጆች ከክፍል ወጥተው የት ይገባሉ?»

ታዲዎስ ተነሥቶ ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ ነቀለና «ሁለት ዓመት ሙሉ ነግራኛለች ማለት ነው» አለ። እኔም ያን ጊዜ ምክሬን አቆምሁ።

አርብ ዕለት ሐኪም ዘንድ አብሬያቸው ሄድሁ። የጦቢያ ቀኝ ዓይን በመነጽር ይስተካከላል ተባለ። ግራው ግን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ደካማ ነበር። ሐኪሟ ረጋ ብላ «ጥሩውን ዓይን እየሸፈንን እንሞክራለን፤ ጥቂት ይሻሻል ይሆናል። ከሁለት ዓመት በፊት ብትመጡ ኖሮ የተሻለ ተስፋ እሰጣችሁ ነበር» አለች። አምሳለ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ታዲዎስ ልጁን «ይቅር በይኝ» አላት፤ እሷም ምን እንደምትመልስ ግራ ገብቷት እኔን አየችኝ።

ከዚያ ወዲህ የዚያ ቤት ኑሮ ተለውጧል። ትምህርቱ ስድስት ሰዓት ላይ ያበቃል፤ ደወሉ የለም። ልጆቹ በፈለጉት ሰዓት «አባዬ» ይላሉ፤ ትምህርቱም ስለዚህ አልተበላሸም። ሐሙስ ሐሙስ የጀሚላ ልጅ ጁወይሪያ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ግቢው ውስጥ አብረው ያነባሉ፤ ጦቢያ የዕድሜ እኩያዋን አገኘች፣ ጁወይሪያም አንባቢ ሆነች። ዮአብ የአባቱን ስሌት ስህተት ነው ብሎ ተከራክሮ መርታቱን ታዲዎስ እየሳቀ ነግሮኛል። ጦቢያ ግን አሁንም አባቷን ለማናገር ስትፈልግ ትንሽ ታመነታለች። በአንድ ሳምንት ሦስት ነገር ነገረችኝ ብሎ ታዲዎስ ደውሎልኛል፤ ይቆጥራል ማለት ነው።

እንግዲህ ልጆቻችሁን ቤት የምታስተምሩ፣ ወይም ትምህርት ቤት ልካችሁ ማታ ደብተር የምትመረምሩ ወላጆች፣ ከእኔ ጥፋት ተማሩ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ልጅ «አይታየኝም» ሲላችሁ ማርክ ከመቀነሳችሁ በፊት ዓይኑን እዩት። ቤታችሁን ለትምህርት ብታውሉት ልጆቻችሁ ዕውቀት ያገኛሉ፣ እናንተም ጠባያቸውን በቅርብ ታያላችሁ፣ ሕመማቸው ሳይከፋ ትደርሳላችሁ። አባትነታችሁን ግን ለሰዓትም ቢሆን አታሳርፉት።

እኔ ይህን ለታዲዎስ ከመከርሁ በኋላ ቆይቼ ሀዋሳ ለእጸገነት ደወልሁ። በዚያ የማስመሪያ ዕለትም፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ብዙ ዕለታትም ጥፋተኛ እንደነበርሁ ነገርኋት።

«አሁን ስብሰባ ልገባ ነው» አለችኝ። «መልሼ ልደውልልዎት?»

«ደውዪልኝ» አልኋት። ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፤ አልደወለችም። ስልኬን በየሄድሁበት ይዤ እዞራለሁ።