ከመቶ ኩንታል በላይ አይለፍ

ጋሽ አስረስ፣ የመንገድ ካምፑ ሠራተኞች፣ እንግዶቻችን፣ እንደምን ዋላችሁ።

በዚህ በጋሽ አስረስ የጡረታ ሽኝት ላይ ቆሞ መናገር የነበረበት ወንድሜ እንድርያስ ነው። ከጋሽ አስረስ ጋር ስድስት ዓመት ሠርቷል። እኔ ታናሹ ኢሳይያስ ነኝ፤ የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። "በእሱ ቦታ አንተ ተናገር" ስላላችሁኝ ነው የቆምኩት። ቀልዱ የእሱ ነው፤ ካላሳቃችሁ አነጋገሬን ታገሡ።

ጋሽ አስረስ ሚዛን ተፈሪ የመጡበትን ቀን እንድርያስ ያየው ያህል ይተርከው ነበር። ከጅማ የተሳፈሩበት የጭነት መኪና ከቦንጋ ወዲህ ጭቃ ያዘው። ሾፌሩ "ውረዱና ግፉ" አለ። ሰው ሁሉ ሲገፋ ጋሽ አስረስ ከኋላ ቆመው ጆንያ ይቆጥራሉ።

"አንተ፣ ምን ትሠራለህ?"

"ጭነቱ በዝቷል። ከመግፋት ማውረድ ይሻላል።"

"ማን ነህ አንተ?"

"ነገ ሚዛን ሥራ የምጀምር የመንገድ ሠራተኛ።"

"ነገ ሌላ ቀን ነው። ዛሬ ተሳፋሪ ነህ፤ ግፋ።"

ገፉ። አንድ ጫማቸው ጭቃው ውስጥ ቀረ። በማግስቱ ካምፑ ሲቀርቡ ባንድ እግራቸው ጫማ፣ በሌላው የተዋሱት ሸበጥ ነበር። አለቃው እግራቸውን ሲያዩ ጋሽ አስረስ ከሰላምታው በፊት "ጭነቱ ግን በዝቶ ነበር" አሉ ይባላል።

ያ ከሆነ አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ጋሽ አስረስም የካምፑ ኃላፊ ሆኑ። ካምፑ እስከ ዛሬ መኪና የሚመዝንበት መሣሪያ የለውም። ጋሽ አስረስ በካምፑ ኬላ ላይ የሚመዝኑት ጆንያ ቆጥረው፣ ጎማ ረግጠው፣ ጭነቱን የሚሸከመው የባሌስትራ ብረት ምን ያህል እንደጎበጠ በዱላ ለክተው ነው። ቡናው ዝናብ የመታው ከሆነ በየአስሩ ጆንያ አንድ ጨምረው ይቆጥራሉ። "ውሃውን ማን ሊሸከምልህ ነው?" ይላሉ። የካምፑ አስካለች ሻይ ስታመጣ እንኳ ትሪውን አይተው "በሁለት ጊዜ አመላልሺው" ይሏታል። አስካለች፣ አትሳቂ፣ አንቺው ነሽ የነገርሽኝ።

ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለውን የእንጨት ድልድይ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጋሽ አሕመዲን እዚህ ተቀምጧል፤ የቡና መኪና ሾፌር ነው። አንድ ቀን "ጭነቴ ልክ ነው" ብሎ ድርቅ አለ። ጋሽ አስረስ አልተከራከሩትም።

"ልክ ከሆነ ረዳትህ ያሻግረው። አንተ ከእኔ ጋር ና፤ ከስር ሆነን እናያለን።"

ሁለቱ ከድልድዩ ስር ቆሙ። የፊት ጎማው ሲገባ ከጣውላው መሃል አፈር ጋሽ አሕመዲን አናት ላይ ፈሰሰ።

"ጋሼ፣ ይቁም። ሠላሳ ጆንያ አወርዳለሁ።"

"እኔ እንኳ ሃያ ነበር የምልህ።"

ከዚያ ወዲህ ደንብ ሆነ። ከስር ቆሞ የሚያይ ሰው ሳይኖር ከባድ መኪና አይሻገርም።

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ጋሽ አስረስ ለሴሚናር ጅማ ሄደው ሳለ ከበላይ አካል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ መጣ። የድልድዩ ልክ መቶ ኩንታል ሆኖ ሳለ፣ ለዚያ ወር ብቻ እስከ መቶ ሃምሳ ኩንታል ይለፍ ይላል። ምክትላቸው ጋሽ ታፈሰ ኬላውን ከፈቱ፤ ትእዛዝ ነበር። ሁለት መኪና አለፈ። ሦስተኛው የጋሽ አሕመዲን ነበር። ወንድሜ በደንቡ መሠረት ከስር ቆሟል። ተሸካሚው ግንድ ሲሰነጠቅ ያየው እሱ ነው። "ዝለሉ" ብሎ ጮኸ። ጋሽ አሕመዲንና ረዳቱ ዘለሉ። ድልድዩ ሲወድቅ ወንድሜ ከስር መውጫ አላገኘም።

ከቀብሩ ወዲህ ጋሽ አስረስ ከግቢያችን በር አልፈው አያውቁም። ከቀበሌ የደረሳቸውን ስኳር በሩ ላይ አስቀምጠው ይሄዳሉ። ለምን እንደሆነ እናውቃለን። እናቴ አማረች ዛሬ ስወጣ እንዲህ አለችኝ፦ "'ከስር ቁም ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ' ይላሉ አሉ። ንገራቸው። ልጄን የገደለው ጭነቱ ነው። እሳቸው ያስተማሩት ሁለት ሰው አትርፏል። ይግቡና ቤታችን ይቀመጡ።" ይኸው ነገርኩዎ። ከእኔም በኩል፣ ወንድሜን ሥራ ስላስተማሩልኝ አመሰግናለሁ። በእርስዎ እጅ ሰው ሆኖ ነበር።

አሁን ደግሞ ሌላ ደብዳቤ መጥቷል። ይኼኛው ለአንድ ወር አይደለም። መንገዱ መቶ ሃምሳ ኩንታል ይችላል ብሎ የካምፑ ኃላፊ እንዲፈርም ይጠይቃል። ጋሽ አስረስ ሦስት ጊዜ ሳይፈርሙ መለሱት። ነገ በእሳቸው ወንበር የሚቀመጡት ጋሽ ታፈሰ ናቸው።

የላኩት ሰዎች ክፉ ናቸው አልልም። ነዳጅ በኩፖን ነው፣ መኪና ጥቂት ነው፣ ቡናው ለአገር የውጭ ምንዛሪ ያመጣል። ባንድ ጉዞ ብዙ ከተጫነ ይቆጥባል ይላሉ። ነገር ግን ድልድዩ ከወደቀ በኋላ ቡናው ቴፒ ላይ ሃያ ሦስት ቀን ተቀምጦ ሻገተ። ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ወንዝ ተሻገረች። ቁጠባውን ያሰላው ሰው ይህን አልደመረውም። አዲሱም ድልድይ ከዚያው ጫካ ከተቆረጠ ግንድ የተሠራ ነው። ወረቀቱ ላይ ማኅተም ስላለ ግንዱ አይወፍርም። በመንገዱ ደግሞ የሚሄደው መኪና ብቻ አይደለም፤ እኛም ትምህርት ቤት የምንሄደው በእሱ ነው።

እንግዲህ ብርጭቆ እናንሳ። የእኔ ብርዝ ነው፤ ጠጅ የያዛችሁም አንሱ። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ብርጭቆውን የሚያነሳ ሰው ያ ወረቀት ላይ አይፈርም፣ ሌላው ሲፈርምም ዝም አይልም። የማይችል ካለ ሳያነሳ ይቀመጥ። አልቀየመውም፤ ሰው ልጆች አሉት፣ እንጀራውም ነው።

ጋሽ ታፈሰ፣ አይቸኩሉ። እንጠብቅዎታለን።

ጋሽ ታፈሰ ብርጭቆ አንስተው ቆመዋል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ጋሽ አስረስ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። የልጅ ልጆችዎን ይዩ። ከዛሬ ጀምሮ ዝናብ ሲጥል ድልድዩን ላይ ብለው አይነሱ፤ ተኝተው ይደሩ። ኬላው ላይ ሰው አለ።

በጤናዎ።