ሀራራው እስኪያልፍ

ጫት ለመተው ብዬ እዚሁ ሀርጌሳ አንድ ክሊኒክ ተኝቼ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሀራራው ሲጠናብኝ ልብሴን ጠቅልዬ ልወጣ ተነሳሁ። ጅጅጋ የተማረችው ነርስ ሆዳን በሩ ላይ አገኘችኝ። የምትቆጣኝ መስሎኝ ነበር።

«ወንድሜ፣ ማንም በግድ አይይዝህም» አለችኝ በአማርኛ። «ግን ሀራራ መጥቶ ይሄዳል። እስኪያልፍ ግማሽ ሰዓት አብረን እንቀመጥ።»

ተቀመጥን። ላብ ያጠምቀኛል። እሷ ውሃ እየሰጠችኝ ስለ ግንበኝነት ሥራዬ፣ ደሴ ስላለችው ልጄ ትጠይቀኛለች። ሳወራላት ሰዓቱን ረሳሁት። ድንገት «ሲስተር፣ ራበኝ» አልኳት። እኔው ራሴ ገረመኝ፤ ምግብ ካማረኝ ስንት ጊዜዬ!

«አልሐምዱሊላህ! ሰውነትህ እየተመለሰ ነው» ብላ ሳቀችና ከምሳዋ ሩዝ አካፈለችኝ። ያን ቀን አልሄድኩም። ይኸው ጫት ሳልቅም ዓመት ሞላኝ።